በበሩ ያልወጣው የዶሮ ቤት

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ የደምሴ ልጅ ቤዛ ገበያ ውላ ስትመለስ መካነ ሰላም ያለው ቤቴ ጎራ አለች። ገና እግሯን ሳታሳርፍ ስልኳን አውጥታ ሦስት ፎቶዎች አሳየችኝ። አንዱ ከሥሩ ጎማ የተገጠመለት የብረት ቤት ነው። ሁለተኛው ድንኳን የሚመስል፣ ጎንና ጎኑ በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ ነገር ነው። ሦስተኛው አራት እግር ያለው የጣውላ ሳጥን ነው። ሦስቱም ከቦታ ቦታ የሚነሱ የዶሮ ቤቶች ናቸው። ቤዛ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ በአባቷ ግቢ አሥራ ሁለት ዶሮ ይዛለች፤ በየጓሮው እያዘዋወረች ልታረባቸው አስባለች። «አክስቴ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ።

«የአባትሽ የግቢ በር ስፋቱ ስንት ክንድ ነው?» አልኳት።

ሳቀች። እርጅናው መጣ ብላ ሳታስብ አልቀረችም። እሷ ስለ ጎማውና ስለ ሽቦው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሸለምጥማጡ የምነግራት መስሏት ነበር። እሱንም እነግራት ነበር፤ ግን ሁሉም በተራው ነው። መጀመሪያ በሩን ለክተሽ ነይ ብዬ ሸኘኋት። እሷ ከሄደች በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ቆሎዬን ስቆረጥም፣ ያ የታኅሣሥ ጠዋት ከነውርጩ ፊቴ ድቅን አለ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጎረቤቶቼ ሰምተውኝ ከሆነ እነሱም እርጅናው መጣ ይበሉ።

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከመካነ ሰላም የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር፣ በታላቅ ወንድሜ በደምሴ ግቢ ነበር የምኖረው። አባታችንም እናታችንም አልፈው ነበር። እኔ አቀስታ አካባቢ ተድሬ፣ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ ባሌን ፈትቼ መመለሴ ነው። ለምን እንደፈታሁት ሌላ ወሬ ነው፤ ያን ጊዜ ለማንም አላስረዳሁም፣ ዛሬም አላስረዳም።

የማልረሳው የወጣሁበትን ቀን ነው። በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ጭቃ ስረግጥ ነው የኖርኩት። መደቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ምድጃውንም እኔ ነኝ። ሁለቱን የእህል ጎታዎች ጭቃና ጭድ እያቦካሁ፣ ዙር በዙር እየቆለልኩ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ጎታ መቼም የሚሠራው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ደርቆ ሲያልቅ ከበሩ ይሰፋል፤ ይወጣል ብሎ የሚያስብም ሰው የለም። ያፋቱን ሽማግሌዎች የእጅሽን ሥራ ይዘሽ ሂጂ ብለው ፈረዱልኝ። ዞር ብዬ ሳይ የእጄ ሥራ ሁሉ ከወለሉ የተጣበቀ ነው። አንድ ቅል ቅቤና የልብሴን ጥቅል ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ፣ ከእንግዲህ በሰው ግቢ ውስጥ የማይነሳ ነገር አልሠራም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በተመለስኩ በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ ገብሱ እየታጨደ ሳለ፣ ለሴቶች የሚታደል ዶሮ መጣ ተባለ። እንቁላል ሊጀምሩ የደረሱ ሰባት ቀያይ ቄቦችና አንድ አውራ ዶሮ ደረሱኝ። ያመጣቸው ባለሙያ ትሑት ልጅ ነበር። ዶሮ እንደ ልማዳችን ከሰው ጋር ቤት ውስጥ፣ ቆጥ ላይ ማደር የለበትም አለ። በዚህ ተስማማሁ፤ እኔ ራሴ ቆጡ ሥር እየተኛሁ ቁንጫ ሲበላኝ ነው ያደግሁት። ከዚያ አንድ ወረቀት ዘርግቶ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ የዶሮ ቤት አሳየን። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ዶሮዎቹን ባገኘሁበት ግቢ የባለቤቱን ስም እመዘግባለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ዶሮዎቹ የዚያ ሰው ናቸው አለ።

ደምሴ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ስመለስ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው፤ አንድ ቀን «እስከ መቼ?» ብሎኝ አያውቅም። ግን በሱ አስተሳሰብ በግቢው የቆመ ነገር ሁሉ የግቢው ነው፤ ግቢው ደግሞ የሱ ነው። በማግስቱ የድንጋይ የዶሮ ቤት ሊሠራልኝ ከቤቱ ግድግዳ ጥግ ድንጋይ መከመር ጀመረ። ሌላ ሰው ቢያየው እንዴት ያለ ወንድም ነው ይል ነበር። እኔ ያየሁት ግን ጎታዬን ነው። ዶሮዎቹ በሱ ስም ከተጻፉ፣ እንቁላል እየሸጥኩ መካነ ሰላም ቤት ተከራይቼ የምወጣበት መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች ለእኔ የሰጠችኝ፣ ከመንደሩ በላይ ከመኪናው መንገድ ሥር ያለች ቁራጭ የገብስ ማሳ። ገብሷ ታጭዶ ገለባዋ ብቻ ቀርቷል፤ በየመሬቱ የረገፈው እህል ለስምንት ዶሮ ይተርፋል። ከማሳዋ አጠገብ የልጅነት ጓደኛዬ የከድጃ ቤት አለ፤ ማታ ማታ ከደጇ ባሳድራቸው እሺ ብላኛለች። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ከዶሮዎቹ ጋር የሚሄድ ቤት ነው። ይህንን ለደምሴ ብነግረው ሳቀ፤ ብደግምለት ተቆጣ። ነገሩ ለጋሽ እንድሪስ ደረሰ።

ጋሽ እንድሪስ የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ቅሬ ማለት በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት፣ በሽተኛውን አብሮ የሚሸከምበት ማኅበር ነው፤ ዳኛው የተናገረውን ማንም አያፈርስም። ወይራው ሥር ተቀምጠው ሁለታችንንም በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያ ጺማቸውን እያሻሹ ለኔ ፈረዱ፤ ማለቴ ለኔ ያሰቡ መስሏቸው ለደምሴ ፈረዱ። «ልጄ፣ ዶሮ ቤቱን ይዞ ሲዞር አይተን አናውቅም። ወንድምሽ በድንጋይ ይሥራልሽ፣ አንቺም አርፈሽ ተቀመጪ» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ተነሣሁ። አርፌ ግን አልተቀመጥኩም።

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ትልቅ ቅርጫት ደፍቼ ሞከርኩ፤ ቀላል ነው፣ ግን ሸለምጥማጥ በአንድ መዳፉ ይገለብጠዋል። ቀጥሎ የድሮውን የውጭ ጎተራ አሰብኩ፤ እሱ ደግሞ እበት የተለቀለቀ ስለሆነ አራት ወንድ ካልሆነ አያነሣውም። አራት ወንድ የሚፈልግ ቤት የኔ ቤት አይደለም። በመጨረሻ የባሕር ዛፍ ጭራሮ አዋቅሬ ግድግዳውን በሸምበቆ ጠለፍኩት፤ ነፋስ እንዲገባ፣ መዳፍ ግን እንዳይገባ። ወለሉን ሸምበቆ ከሸምበቆ ጥቂት አራርቄ ደረደርኩ፤ ኩሱ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ቤቱን በሁለት ቀን አንዴ ፈቀቅ ባደረግሁት ቁጥር ማሳዬ ይዳብራል። ክዳኑን በጓሳ ሣር ከደንኩት። ከግራና ከቀኝ ሁለት ረጃጅም አጣና በጠፍር አሰርኩለት፤ ሁለት ሴቶች ከፊትና ከኋላ ገብተው እንዲያነሡት። ዶሮዎቹን አስገብቼ ከከድጃ ጋር አንሥተን አየነው። ተነሣ። ከድጃ «ማሻ አላህ» አለች፤ እኔም ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወደ በሩ ይዘነው ሄድን።

የግቢያችን በር በሁለት ወፋፍራም የድንጋይ ካቦች መሃል ያለ ነው፤ ስፋቱ ሁለት ክንድ። የኔ ቤት ሁለት ክንድ ተኩል። በቁም ብናደርገው፣ በጎን ብናዞረው አልገባ አለ። ጎታ እየሠሩ ያደጉ እጆች እንዲህ ናቸው፤ እጄ በሚያውቀው መንገድ ሄዶ፣ የሚቆምበትን ቦታ አይቶ፣ የሚወጣበትን ሳያይ ሠራው። ለአንድ ነገር ብቻ ነበር የተሠራው፣ ለመውጣት፤ እሷን አንዷን ነገር ረሳኋት። ደምሴ ከአውድማው ሲመለስ በሩ ላይ ተወትፈን አገኘን። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻል ነበር። ቤቱን ዞሮ አየው፣ በሩን አየ፣ እኔን አየ። «ይኸው ሦስተኛ ጎታሽን ሠራሽ» አለና አልፎን ገባ።

ያ የሆነው ረቡዕ ከሰዓት ነው። ባለሙያው የሚመጣው በማግስቱ ሐሙስ ነው። ፈትቼ ልሥራው ብል ጊዜ የለም፤ ዶሮዎቹን በእጅ ይዤ ልሂድ ብል፣ ቤት የሌለው ዶሮ አልመዘግብም ብሏል። ማታ እራት ቀረበ፤ የገብስ ቂጣ በሽሮ ነበር፤ አልበላም ብዬ ተጠቅልዬ ተኛሁ። ደምሴ ሁለት ጊዜ መጥቶ ብይ አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ያኔ ያልገባኝ፣ ያ ኩርፊያዬ በልቡ ውስጥ ምን እንደዘራ ነው።

ጎህ ሲቀድ ከድጃ ከካቡ ውጪ ቆማ አገኘኋት። መሬቱ በውርጭ ነጥቷል፤ ድንጋዩን ሲይዙት እጅ ያቃጥላል። እሷ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ፣ የካቡን ድንጋይ አንድ ባንድ እያነሣን በቀስታ ሳር ላይ አስቀመጥን። አባቴ የካበው ካብ ነው። ላፈርሰው እችላለሁ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ጠይቄ ቢሆን መልሱን አውቀዋለሁ። ሦስት ክንድ ያህል ሲከፈት፣ ዶሮዎቹ እንዳይበርዳቸውና ጨለማ መስሏቸው ዝም እንዲሉ ጋቢዬን በቤቱ ላይ አለበስኩት። ከድጃ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ገብተን አነሣን። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ ዞር ሳትል። ወጣን።

ዳገቱን ከጀመርን በኋላ ነው ምን እንደምንመስል የታየኝ። ሁለት አጣና፣ በመሃሉ በጋቢ የተሸፈነ ነገር፣ ከፊትና ከኋላ የሚያለከልኩ ሴቶች። ማንም ሰው ቢያየን በሽተኛ በቃሬዛ ወደ መኪናው መንገድ የምናወጣ ነው የሚመስለው። በእኛ አገር ደግሞ ቃሬዛ ያየ ሰው የያዘውን ይጥላል። ማን ነው፣ ምን ሆኖ ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ትከሻውን ያስገባል፤ ወሬው ለማረፊያው ይቆያል።

ጋሽ እንድሪስ ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ እርሻቸው ሲወርዱ ከመታጠፊያው ተገናኘን። ማጭዳቸውን ሳሩ ላይ ጣሉ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ከድጃን ገለል አድርገው ከፊት ገቡ፤ ሁለቱ ሰዎች እኔን አስለቅቀው ከኋላ ያዙ። ጋሽ እንድሪስ «ወዴት ነው?» አሉኝ። «ወደ ላይ፣ ወደ እናቴ መሬት» አልኳቸው። ከማሳዬ በላይ የመኪናው መንገድ ነው፤ የሚገባቸውን ገባቸው። እዚያ ላይ ዶሮ ነው ልላቸው እችል ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አላልኩም። ይህንን ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ወቅሶኛል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩበትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እውነቱን ስነግራቸው ማን ሰማኝ?

የማሳዬን መግቢያ የዘጋውን እሾህ ላነሣ ቀድሜ ሮጥኩ። ከኋላዬ ከተሸካሚዎቹ አንዱ «እንዴት ቀለለች» ሲል ሰማሁ፤ ሌላው «በሽታው ጨርሷታል መሰለኝ» ብሎ አፉን መጠጠ። ከድጃ ሳቋን ለመዋጥ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች። እነሱ ደግሞ ኀዘን መስሏቸው አይዞሽ ይሏታል።

ደምሴ የደረሰው ያኔ ነው። ተነሥቶ ካቡ ፈርሶ፣ መኝታዬ ባዶ ሆኖ አግኝቷል። ዳገቱ ላይ ሲያይ የቅሬው ዳኛ የተሸከሙት ቃሬዛ፣ በላዩም የኔ ጋቢ። እራት ሳልበላ ያደርኩት እኔ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩት እኔ። ባዶ እግሩን በውርጩ ላይ ሮጦ መጣ። ከአንዱ ሰው ትከሻ ነጥቆ ገባ። «እታለም፣ እታለም» እያለ ሲያለቅስ ድምፁ እኔ ያለሁበት ድረስ ይሰማል። ከእሾሁ አጠገብ ቆሜ ሰማሁት። ወንድሜ ለኔ ሲያለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንዲህ እንደሚወደኝ አላውቅም ነበር።

ማሳዋ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ጋራውን ወጣች። ጋቢው በአንድ ወገን ተንሸራቶ ነበር፤ ብርሃኑ በሸምበቆው ገባና አውራ ዶሮው አንገቱን አስረዝሞ ጮኸ።

ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ማንም ቃሬዛውን አላወረደም። ደምሴ አንገቱን አዙሮ በእንባው መሃል አየኝ።

«አያ፣ እኔ ነኝ፤ ቆሜ ነው ያለሁት» አልኩት።

ጋሽ እንድሪስ ፊታቸው ጠቆረ። «በቃሬዛ ትቀልጃለሽ?» አሉኝ። በቃሬዛ የቀለደ ሰው ከቅሬው ይወጣል፣ ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት የሚቀብረው የለም። ቢሆንም ወደ ኋላ አላልኩም። ቃሬዛ ነው አላልኩም፣ ወዴት ብለው ጠየቁኝ እንጂ ምንድን ነው አላሉኝም፣ ወዴት ላሉኝም እውነቱን ነው የተናገርኩ አልኳቸው። እናቴ ለኔ የሰጠችው መሬት ይኸው ይህ ነው፣ ዶሮዎቹም የኔ ናቸው፣ ቤቱንም በእጄ ሠርቼዋለሁ አልኩ።

ከኋላ ያለው ሰውዬ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሁለተኛው። ጋሽ እንድሪስ አጣናው ትከሻቸው ላይ እንዳለ ብዙ አሰቡ። የቅሬ ዳኛ ስምንት ዶሮ ተሸክሞ ዳገት ወጣ ከሚባል፣ ነገሩን ፍርድ ማድረግ ሳይሻላቸው አልቀረም። «ቅሬ በትከሻው ያነሣውን ከመንገድ አይመልስም። ወደሚሄድበት አድርሰነዋል፤ እዚሁ ይረፍ» አሉ። ቀስ ብለው አወረዱት፤ ለሰው እንደሚያወርዱት። ወደ ደምሴም ዞር ብለው፣ «ዶሮ ቤቱን ይዞ ሲዞር አይተን አናውቅም ብዬ ነበር። ዛሬ አየሁ፣ ያውም በትከሻዬ» አሉት።

ባለሙያው ረፋዱ ላይ መጣ። ዶሮዎቹ በገለባው ውስጥ እየጫሩ ነበር። በወረቀቱ ላይ ያለው ቤት እንደዚህ አይደለም ብሎ ጥቂት ተጨነቀ፤ ወለሉን አየ፣ እጁን በሸምበቆው መሃል ለማስገባት ሞከረ፣ አልገባለትም። በአንድ በኩል አንሥቶ ክብደቱን ለካ። ከዚያ ስሜን ጠየቀኝና ጻፈ። በሚቀጥለው ክረምት ሁለቱን ዶሮዎች ጭልፊት ወሰደብኝ፤ የቀሩትን በጭነት መኪና ላይ ከነቤታቸው አስጭኜ መካነ ሰላም ገባሁ። ቤቱ ሸምበቆው አልቆ እስኪበጣጠስ ድረስ ስንት የሰው ግቢ እንደዞረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ደምሴ እስከ ፋሲካ ድረስ አላነጋገረኝም። በፋሲካ ማግስት ማሳዬ ድረስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ያን ዕለት እውነት አንቺ መስለሽኝ ነበር አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ከዚያ ወዲህ እንዋደዳለን፤ ከዚያ በፊትም እንዋደድ ነበር። ግን ያፈረስኩትን ካብ እኔ አልካብኩትም፤ እሱ ነው የካበው። በሩንም አላሰፋውም።

ቤዛ ትናንት ተመልሳ መጣች። በሩ ዛሬም ሁለት ክንድ ነው። ጎማ ያለው የብረት ቤት አያልፍም፤ የጣውላው ሳጥንም አያልፍም፤ ድንኳን የሚመስለው ግን ክንፎቹ ሲታጠፉ ያልፋል። ይህን ከነገረችኝ በኋላ ፊቷ ፈካ ብሎ፣ «አባዬ ግን ስለካ አየኝና፣ ካቡን አፍርሼ በሩን አሰፋልሻለሁ፣ የፈለግሽውን ምረጪ አለኝ» አለችኝ።

ደምሴ ሽምግልና ይዞት፣ ያንን ድንጋይ በራሱ እጅ ሊያነሣ ማሰቡ ልቤን ነካው። እግዜር ይስጥህ ብላሃለች በይው አልኳት። ግን በሩ ሳይሰፋ የሚወጣውን ምረጪ አልኳት። ሦስት ወንድሞች አሏት፤ ደምሴ ነገ ባይኖር በሩ የማን እንደሚሆን አላውቅም፤ በሩን ማስፋት የሚችል ሰው ማጥበብም ይችላል።

እሷም፣ አንዱን ጫፍ እኔ ብይዝ ሌላውን ማን ይይዝልኛል አለችኝ። ከድጃ ጉልበቷን እያመማት ነው። እኔ አለሁ አልኳት፤ ትከሻዬ ገና ነው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኋት፤ በዚህኛው ጊዜ ጋቢ አናለብሰውም። የሚወጣው ዶሮ መሆኑን፣ የማን ዶሮ መሆኑንም፣ መንደሩ ሁሉ ይየው።